ለቀዶ ጥገና ሽማግሌ የላኩት አጎቴ

አመልክቶ፣ ቃለ መጠይቁን ተፈትኖ፣ ከዚያ አርፎ መልስ መጠበቅ የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቁ እሸሸው ነበር። ለካ፣ አመልካቹ እኔ ብሆንም፣ መጠበቅ የማይችለው ሰው ቤቴ ውስጥ ኖሯል።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ሐኪም ሳለሁ፣ የቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት ለመሆን አመለከትሁ። ሊፈትኑ ከአዲስ አበባ የመጡ ፕሮፌሰር ጠየቁኝ፤ መለስሁ፤ ዝም ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ከጣናው ደቅ ደሴት ለገበያ መጥተው እኔ ዘንድ ያረፉት አጎቴ ቄስ አያሌው ግን ዝምታዬን አልወደዱትም።

«ጠይቆ ዝም ማለት ንቀት ነው፤ ሽማግሌ ይላካል» አሉ።

በማግሥቱ ሁለት ያገራቸውን ሰዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ፕሮፌሰሩ ካረፉበት ሆቴል ልጃገረድ እንደሚጠይቅ ሰው ቆሙ። ወንበር ቢቀርብላቸው «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ። የሳይንስ ሰው እንዲህ ያለ ጉድ ሲገጥመው ምን ይላል?

ፕሮፌሰሩ ወጉን ያውቁት ኖሮ፣ ኮስተር ብለው «ልጃችሁ ምን አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እጅ አለው» አሉ አጎቴ። «ታንኳችን በማዕበል ስትናወጥ፣ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረውን የዓሣ አጥንት በወረንጦ አውጥቶልኛል። እጁ ንቅንቅ አላለም።»

ፕሮፌሰሩም «እንግዲህ ዘመድ ላማክር» ብለው ሸኟቸው።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። እኔ ወሬውን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ፤ ነርሶቹም «ሙሽራው» ይሉኝ ጀመር።

ከሳምንታት በኋላ ቴሌግራም መጣ። የተጻፈው ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ ነበር፦

«ቀዶ ጥገናን ለልጅዎ ሰጥተናል። አሁን ይቀመጡ።»