ሽማግሌዎች ያስታረቁት ሞተር

እኛ ሐበሾች ብቻችንን መምረጥ አይሆንልንም። ፈረንጁ ጎረቤቴ ቤትም ሚስትም ማንንም ሳያማክር ይመርጣል፤ እኔ ካልሲ ስገዛ እንኳ አጠገቤ የቆመውን ሰው "ይሄ እንዴት ነው?" ሳልል አልወጣም።

በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ዳውንታውን አትላንታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ስውል የመኪና ሊቅ የሆንኩ መሰለኝና ሱፐርቻርጀር ያለው አሮጌ መኪና ገዛሁ። ሱፐርቻርጀር ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ የሚጠቀጥቅ ነገር ነው። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም አብሮ መብዛት አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ይህን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር የሚሉት ትንሽ ዕቃ ነው። የኔው ተበላሸ።

ዕቃ መሸጫው ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዱ አየሩ ሲጨምር የቤንዚኑን ግፊት በራሱ ይጨምራል። ሌላው አንዴ በብሎን ካሰሩበት ግፊት ንቅንቅ አይልም፤ ግን እንዴት ያብረቀርቃል! ሻጩ የመጀመሪያውን ውሰድ አለኝ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ፤ ያልፈለጉትን መመለስ ይቻላላ።

ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ይጠብቁኛል። በማግስቱ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ያለው ኮንየርስ ሄደው የወደድኳትን የሮማንን አባት "ልጅዎን ለልጃችን" ሊሉልኝ ነው። ዕቃዎቹን አይተው ምንድነው አሉ፤ አስረዳሁ። ጋሽ ደምሴ፣ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር አይታመንም፣ የሚያብረቀርቀው ይሻላል ብለው ፈረዱ። ግፊቱስ? እሳቸው ከፍ ይበል ሲሉ ጋሽ መኮንን ዝቅ ካላለ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ሊኳረፉ ሲሉ ሦስተኛው ሽማግሌ ገላገሉን፤ መሃል ላይ ይታሰር ተባለና ተሳሳሙ። ስህተት መሆኑ ይታወቀኛል። ግን ነገ ሚስት ሊለምኑልኝ የሚሄዱ ሰዎችን ዛሬ ማን ደፍሮ ይከራከራል? ገጠምኩት።

በወጉ ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም። ሹፌሩ ግን እኔው ነበርኩ፤ ስለዚህ ራቅ ብዬ መኪና ውስጥ ልጠብቅ ተስማማን። ረፍዶብን ስለነበር ሃይዌይ ላይ ነዳጅ ረገጥኩ። ሱፐርቻርጀሩ አየሩን ጠቀጠቀ፤ ቤንዚኑ በሽምግልና ከተወሰነለት አልፍም አለ። ሞተሩ ተንኳኳ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። ሮማንም በዚያው ያመለጠችኝ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

ከመንገድ ዳር ስልክ ለማን ይደወል? በዚያ አካባቢ የምናውቀው ሐበሻ የሮማን አባት ብቻ ነው። አባቷ አቶ ግርማ ከኋላው ሰፊ የዕቃ መጫኛ ባለው ስቴሽን ዋገናቸው መጡ፣ ኮፈኑን ከፍተው የሚያብረቀርቀውን አዩና ይህን ማን መረጠው አሉ። ጋሽ ደምሴ ኮራ ብለው፣ ልጁ ምክር ሰሚ ስለሆነ እኛ ነን የመረጥንለት አሉ።

"ልጄንም የመረጣችሁለት እናንተ ናችሁ?"

አፌ እንዴት እንደተከፈተ እንጃ።

"እሷን እንኳ ማንንም ሳላማክር ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

አቶ ግርማ ኮፈኑን ዘጉ። ሽማግሌዎቹን ወንበር ላይ አስቀምጠው እኔን ከኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር ጫኑኝ። ቤታቸው ስንደርስ እዚያው ተጋድሜ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ጠየቁ፤ እሳቸውም እንደ ወጉ፣ ከቤተሰብ እንምከርበት፣ ለሳምንት ተመለሱ አሉ። እሺም እምቢም ያልሆነ መልስ ነው።

ማታ በዋገናቸው ቤታችን ካደረሱን በኋላ ግን ጋሽ ደምሴን በመስኮት ጠሯቸው።

"ለሳምንቱ በሱ መኪና እንዳትመጡ። እኔው መጥቼ እወስዳችኋለሁ።"