ድምፅ የማይመለስበት ቦይ

በእኛ ዘመን ስብሰባ ያለ ጥፋተኛ አይበተንም ነበር። አትሳቁ፤ እናንተ ስብሰባ የምትሉት ሻይና ብስኩት ያለበትን ነው። የእኛው ሲያልቅ አንድ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ማን እንደሆነ ደግሞ መፈክሩ አልቆ "ልዩ ልዩ ጉዳይ" እስኪባል ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ለራሱ። እኔም ሸዋ ሮቢት አማርኛ ሳስተምር ጠንቃቃ ነበርኩ። የምነግራችሁን ሥራ የሠራሁትም በዚሁ ጥንቃቄዬ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ታደለ ግን ጥንቃቄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጓደኛው ከዩኒቨርሲቲ የላከለትን መጽሔት ካነበበ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰማይ ላይ እጅግ ከባድ አካል አለ፤ ከክብደቱ የተነሳ ቦታና ጊዜ ራሳቸው ዙሪያውን ይጎብጣሉ፤ ብርሃን እንኳ አንዴ ከገባ አይወጣም። ማን ሄዶ ያየዋል? ማንም። ነገር ግን አንድ ፈሳሽ ከድምፅ ፈጥኖ ከሮጠ፣ ውስጡ የተጮኸ ጩኸት ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ፈሳሹ ይዞት ይወርዳል። የሁለቱ ሒሳብ አንድ ነው ይላል ታደለ፤ ሰማይ ላይ የማይደረስበትን እዚህ ምድር ላይ በሚሮጥ ፈሳሽ ማጥናት ይቻላል።

"ድምፅን የሚቀድም ውሃ ከየት ታመጣለህ?" አልኩት።

"አላመጣም። በድምፅ ፈንታ ለተማሪዎቹ የውሃውን ሞገድ አሳያለሁ፤ እሱ ዘገምተኛ ነው።"

ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው የመስኖ ቦይ ውስጥ ሁለታችን ድንጋይ ተሸክመን ገባን። ግራና ቀኙን አጠበብነው፤ ውሃው መሐል ለመሐል መሮጥ ጀመረ። ቅዳሜ ተማሪዎቹ መጡ። ታደለ ከጠባቡ በላይ ጠጠር ሲጥል ክቡ ሞገድ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄደ። ጠባቡ ውስጥ ሲጥል ግን ወደ ላይ የምትወጣ አንዲት ሞገድ እንኳ ጠፋች። ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ድንጋዮቹንም ለሌላው ክፍል ብለን እዚያው ተውናቸው።

ሰኞ የገበሬ ማኅበሩ ሽንኩርት ጫፍ ጫፉ ጠውልጎ ተገኘ። ዝናብ በቀረበት ዓመት ይህ የሽንኩርት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ "የኢኮኖሚ አሻጥር" ይባላል። በአሻጥር የተያዘ ሰው በማግሥቱ መኪና ላይ ተጭኖ በጣርማ በር በኩል ይወጣል፤ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥቶ ወረቀት ዘረጋልኝ። "መምህር ታደለ ብቻውን ቦዩን በድንጋይ ሲዘጋ አይቻለሁ" ይላል። ረድቼዋለሁ ብል አሻጥረኛው ሁለት ሊሆን ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ ፈረምኩ። ብዕሩ እንኳ አላንገራገረም።

ከሰዓት በኋላ ቦዩ ዳር ሮቃው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ታደለ በሁለት ታጣቂዎች መሐል ቆመ።

"ይሄ ሙከራ የምትለው ነገር ለምን ይጠቅማል?" አለው ሊቀመንበሩ።

ታደለ ያው ታደለ ነው፤ ማስተማር ጀመረ። "የሚገርመው ጓድ፣ መመለሻ የሌለበት ድንበር ላይ ምንም ምልክት የለም። ዓሣ ሲያልፈው አይታወቀውም፤ ውሃው እንደ በፊቱ ነው። የሚታወቀው ልመለስ ሲል ነው።"

እኔ ያን ድንበር የት ላይ እንዳለፍኩት አወቅሁት።

"ድንጋዩን ማን አገዘህ?"

ታደለ ወደ እኔ አላየም። ቢያይ ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር። "ብቻዬን ነኝ" አለ።

ከዚያ የውሃ አባቱ ጋሽ ይማም ተጠሩ። የውሃ አባት በእኛ ቆላ የመስኖ ተራ የሚያካፍሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በውሃ ነገር የተናገሩትን ሊቀመንበርም አይሽረውም። ቦዩ ውስጥ ወረዱ፤ ከጠባቡ በላይና በታች ጥልቀቱን በዘንጋቸው ለኩ፤ ገለባ ጥለው አካሄዱን አዩ፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ነካኩ። ትልቁ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ታደለን አዩት፤ ቀጥለው እኔን። ያን ድንጋይ አንድ ሰው ብቻውን እንደማያነሳው ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል።

"ወላሂ ውሃው ፈጠነ እንጂ አልጎደለም" አሉ። "ሽንኩርቱን ያስጠማው ታች ያለው ደለል ነው። ሳይጠረግ ሁለት ወር ሆኖታል።"

ደለሉን ማስጠረግ የማን ሥራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። ስብሰባው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ የቀረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሳያዝኑለት አልቀሩም።

"ቢሆንም መምህሩ አጥፍቷል። ሳያስፈቅድ ቦይ የነካ ሰው ሦስት ቀን ደለል ይጠርጋል፤ የአባቶቻችን ደንብ ነው።"

ሊቀመንበሩ የአባቶችን ደንብ እንደዚያ ቀን ሲወድ አይቼው አላውቅም። "ጸድቋል!" አለ። የእኔን ወረቀት ግን አልቀደዳትም፤ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። እስከ መንግሥት ለውጥ ድረስ ያን ኪስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እለውጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የይቅርታ ንግግር እያሰናዳሁ ወደ ቦዩ ወረድኩ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቃል አይቸግረኝም ብዬ ነበር። ታደለ ጎንበስ ብሎ ደለሉን ይዝቃል፤ ጋሽ ይማም ዳር ላይ ተቀምጠዋል። አፈርኩ።

ሽማግሌው ከጎናቸው የተጋደመ ሁለተኛ አካፋ ነበራቸው። ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ቆየህ እኮ፣ መምህር" አሉኝ።