ስድስት የተባለችው ክፍል

ሱዳን፣ ካላክላ የሚባለው ሰፈር ገብታችሁ «ስድስት የት ናት?» ብትሉ ያገሬ ሴቶች በእጃቸው ያሳዩአችኋል። አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። የቤት ቁጥሯ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ሰፈር የቤት ቁጥር ማን አይቶ ያውቃል? ስሟ የመጣው ከክሪኬት ነው። አዎ፣ ህንዶች በጠፍጣፋ ዱላ ኳስ የሚመቱበት ጨዋታ። አትሳቁ፣ እደርስበታለሁ።

ያኔ ዐማራት የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ የአንድ ህንዳዊ ሙዲር፣ ማለት ሥራ አስኪያጅ፣ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ሰውዬው ዲሽ አለው፤ ዲሹ ላይ ደግሞ ከክሪኬት በቀር ሌላ ነገር አይታይም። መጀመሪያ እብደት መሰለኝ። አምስት ቀን ይጫወታሉ። መሐል ላይ ምሳ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። በአምስተኛው ቀን አንዳንዴ ማንም ሳያሸንፍ ተጨባብጠው ይበተናሉ። ወላሂ የኛ እድር ስብሰባ ነው ብዬ ሳቅሁ። ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ስድስት ነጥብ ማለት እንደሆነም የተማርኩት ያኔ ነው።

ሙዲሩ ማውራት ይወዳል። ሚስቱ ስለማትሰማው ለኔ ያወራል። የጨዋታውን አገዛዝ የነገረኝም እሱ ነው። የዓለም ማኅበር አላቸው አለኝ። ሙሉ አባል የሚባሉት ያኔ አሥር አገሮች ብቻ ነበሩ፤ የአምስት ቀኑን ጨዋታ የሚጫወቱትም፣ ነገር የሚቆርጡትም እነሱ። ከነሱ በታች ተባባሪ አባል የሚባል አለ። ከዚያም በታች ሌላ። ድሮማ ሁለቱ አንጋፋዎች፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ፣ እምቢ ካሉ ሌላው ሁሉ ቢስማማ እንኳ ነገር አያልፍም ነበር። ዋና ቢሮውም ለንደን ኖሮ ኖሮ ዱባይ ገባ። እኛ ዱባይ ስንገባ ተሰደዱ እንባላለን፤ ቢሮው ሲገባ ተዛወረ ተባለ።

ይህን ስሰማ ጋሽ ታፈሰ ፊቴ ድቅን አሉ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። «መሥራች አባል» የምትለው ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። መሥራቾቹ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች እናዋጣለን፣ እናበስላለን፣ ዝም እንላለን። እኔ የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማዳሟ ያባረረቻት ሴት ሌላ ሥራ እስክታገኝ የምታርፍበት ክፍል። ቶይባ የምትባል አዲስ የመጣች የወሎ ልጅ እንዲሁ ተባርራ፣ ካላክላ በተከራየኋት ጠባብ ቤቴ ወለል ላይ ትተኛ ነበር። እድሩ ግን በየዓመቱ ወንበር ይገዛል። ለማን ቂጥ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ተነሳሁና ለሴቶቹም ድምፅ ይሰጠን አልኩ። ጋሽ ታፈሰ «አንቺ ልጅ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። «እንጀራም አይገባም ጋሼ» አልኳቸው። ተማከሩና ተባባሪ አባል አደረጉን። መቀመጥ ይቻላል፣ መወሰን አይቻልም። ክሪኬት አይተው የማያውቁ ሰዎች ይህን ከየት ተማሩት? ወንበር ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል መሰለኝ።

የእድሩ ዓመታዊ ቀን ደረሰ። በግ ተገዛ፣ ሽንኩርት ተከመረ። ከምሠራበት ቤት አጥር ማዶ የምትሠራው ጓደኛዬ ስንዱና እኔ ሴቶቹን ሁሉ ይዘን መጣንና እነዚያ ወንበሮች ላይ ቁጭ አልን። ጋሽ ታፈሰ «ያላ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ቢሉ፣ ስንዱ የተጠቀለለችበትን ቶብ አስተካክላ «እኛ ተባባሪ ነን፤ ድስቱ የሙሉ አባል ነው» አለቻቸው። መሥራች አባል ሽንኩርት ሲከትፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቱ የሞተችበት ይመስላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁላችንም ሙሉ አባል ሆንን።

በሚቀጥለው ስብሰባ የክፍሏን ነገር አነሳሁ። እጅ ተቆጠረ። አንድ ድምፅ ጎደለ። ዞር ብዬ ባይ ስንዱ እጇን ቶቧ ውስጥ ከትታለች። ምነው ብላት፣ «ለኔስ ማን ክፍል ሰጠኝ?» አለችኝ። የሷ ማዳም ትወዳታለች፤ የራሷ ማደሪያ አላት። በጋሽ ታፈሰ እንኳ እንዲያ አልተናደድኩም። ሁለተኛውን እጄንም አነሳሁ።

ፀሐፊው ለአንድ ሰው አንድ እጅ ነው አለ። «ሁለት እጅ በክሪኬት ስድስት ነው» አልኩት። «አንዱ የኔ፣ አንዱ የጎደለው ነው። የተረፈውን አራቱን ገና አባል ስላልሆኑ ድምፅ ለሌላቸው ለነቶይባ ያዝላቸው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ እጄንም አላወረድኩም። ጋሽ ታፈሰ ቢያዩኝ ቢያዩኝ፣ «ይህቺ ልጅ እስከ ነገም አታወርደው» ብለው እስከዚያ ያላወጡትን የራሳቸውን እጅ አወጡ። «ኻላስ፣ በቃ ይጻፍ» አሉ።

እንዲህ ነው ክፍሏ ስድስት የተባለችው። አንድ አንገረብ፣ ማለት የሱዳን የገመድ አልጋ፣ አስገባንባትና ቶይባ ተኛችበት። ብዙም ሳይቆይ በሯ ተንኳኳ። ስንዱ ናት፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ። ያቺ የምትወዳት ማዳም አባርራታለች። እጇን ይዤ አስገባኋትና «አብሽሪ፣ ቤትሽ ነው» አልኳት። አንገረቡ ላይ ልትቀመጥ ስትል ግን ትከሻዋን ያዝ አደረግኋት።

«እሱ የሙሉ አባል ነው» አልኳት፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ እያነጠፍኩላት። «አንቺ እዚህ ለጊዜው ተባባሪ ነሽ።»