ውሻ ሣር ይበላል?

እኛ ትልልቆች ልጅ ስናገኝ የምንጠይቀው የምናውቀውን ነገር ነው። «ስምሽ ማነው?» እንላለን፣ ስሟን እየጠራን። «ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን ትወጃለሽ?» እንላለን፣ ሁለቱንም ፊቷ አቁመን። ከመለሰች ጎበዝ ናት፤ ዝም ካለች «ምነው፣ ምላስ የለሽም?»

የእኔዋ ማኅሌት ዝም ከሚሉት ወገን ነበረች። አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ እንደ ወፍ ስትንጫጫ ትውላለች፤ ከበር ስትወጣ አፏ ይቆለፋል። እዚሁ ጎንደር መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወዲህ መምህርቷ ድምፅዋን ሰምታው አታውቅም። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው ተባልን። ማኅሌት «አባባ» የምትላቸው የባለቤቴ አባት ከደባርቅ እየደወሉ «ምነው ታስጨንቋታላችሁ? ሸጋ ልጅ ናት፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉናል። እሳቸው ይበሉ እንጂ ባለቤቴ ተደብቃ ስታለቅስ አይቻታለሁ። አጽናኟ እኔ ነበርኩ፤ የእኔን ሆድ ደግሞ እኔው አውቀዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩትን ሮቦት ለልጆች ያሳያሉ ተብሎ ሦስታችንም ሄድን። ራስ፣ እጅና ዓይን ያለው፣ ቁመቱ ማኅሌትን የሚያህል ነው። አማርኛም አስተምረውታል። ሥዕል ሲያሳዩት ስሙን ይጠራል፤ ልጆቹ ይከተሉታል።

«ይህ በግ ነው።»

«በግ ነው!»

ቀጥሎ ደረቱ የቀላ፣ ጎፈሬው እስከ ወገቡ የወረደ የስሜን ጭላዳ ዝንጀሮ ሥዕል መጣ።

«ይህ ውሻ ነው» አለ ሮቦቱ፣ ቅንጣት ታህል ሳያፍር።

«ውሻ ነው!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማሽን መቼ ይሳሳታል ብዬ እኔም ሥዕሉን ደግሜ አየሁት።

ይኼኔ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ጭላዳ ነው!» አለች። የማን ልጅ ናት ብዬ ዞርኩ። እጄን የያዘችው የእኔው ናት።

«በጣም ጥሩ! ውሻ ነው» አለ ሮቦቱ።

ማኅሌት እጄን ለቃ ሄዳ ፊቱ ቆመች። «አይደለም! ጭላዳ ነው። አባባ አገር አለ። ሣር ነው የሚበላው። ውሻ ሣር ይበላል?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እኔ ወንበር ፈለግሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሮጦ መጥቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ጭላዳን ገና አላስተማርነውም» አለኝ። አቅፌ ሳምኩት። ግራ ገባው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ሮቦቱን አልፈራሽውም?» አልኳት።

«ምኑ ይፈራል? ምንም አያውቅም እኮ!»

ሰኞ ባለቤቴ ይህን ለመምህርቷ ነገረቻት። መምህርቷ ብልህ ሴት ናት፤ በማግስቱ ጠመኔዋን ከፍ አድርጋ «ልጆች፣ ይህ ሙዝ ነው» አለች አሉ። ክፍሉ ሁሉ «ሙዝ ነው!» ሲል ማኅሌት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ያን ቀን የጀመረችው ወሬ እስከ ዛሬ አላለቀም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ዕውቀቴን በር ላይ ጥዬ ነው። ብዙም አይከብድም፤ ድሮም ያን ያህል አልነበረም።