የአባትነት የቀን ገቢ ግምት

ትናንት ጸሎቴን አድርሼ ጋደም እንዳልኩ፣ ግብር ገማቾች ሱቄ በር ላይ ተሰልፈው ሲለማመጡኝ በሕልሜ አየሁ። የሰፈሩ ነጋዴ ከኋላቸው እየሮጠ «ኧረ አነሰብኝ፣ ጨምሩልኝ» ይላል። ነገሩ ደግ አልመሰለኝም፤ አማተብኩ።

ሰብሳቢያቸው መነጽር ያደረገች በቅሎ ነበረች። ገብታ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ላቀው፣ ከሚስትዎ ተፋትተዋል አይደል?»

«ዓመት አልፎናል። ሱቁንም ተካፍለናል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የአስካለ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ልዕልና? አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እናቷ ዘንድ ናት።»

«ይኼ ቀርቷል። የተፋቱ ወላጆች ግብር ተለውጧል። ግምቱ ከፍ ያለለት ልጅቷን ጠቅልሎ ይወስዳል።»

ልዕልና ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታ ሰማሁ። አስካለ ቀድማ አነጋግራቸው ይሆን?

«በቀን ስንት ጊዜ ‹አባዬ› ትልዎታለች?» አለች በቅሎዋ።

ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ላይ ነኝ ልል ነበር። ግን ጠያቂዋ ገማች ናት፤ ምላሴ የለመደውን ተናገረ።

«ኧረ ምን ትላለች፣ እትዬ። ገበያ የለም። አንዳንዴ ጭራሽ ሳትለኝ ይመሻል።»

«ትስቅልዎታለች?»

«እሱም ቀዝቅዟል። እንዲያው ለስሙ በር እንከፍታለን እንጂ።»

በቅሎዋ አዝና ጆሮዋን ጣለች። መጋረጃው ተገለጠና አስካለ ብቅ አለች።

«እኔን ቀኑን ሙሉ ነው የምትጠራኝ። እንደውም ጨምሩበት» አለች። ለገማች እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ማን መከራት?

ልጄን ከሚዛኑ አንሥተው ለአስካለ ሰጧት።

«ቆይ፣ ዋሽቼ ነው፣ ጨምሩብኝ» አልኩ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ።

«ቅሬታ የምንሰማው በዛብኝ ላለ ነው» አለችና ወጣች።

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። ነግቷል። ልዕልና ቀድማኝ ተነሥታ ሱቁን ከፍታለች። ከጓዳ ሆኜ የሰዎች ድምፅ ሰማሁ፤ እውነተኞቹ ገማቾች መጥተዋል።

«ሚጣ፣ ባለሱቁ አባትሽ ነው?»

«አይደለም» አለች ልጄ፣ ረጋ ብላ። «እኔ አባት የለኝም። ሳሙና ልገዛ ነው የመጣሁት።»

ተነሥቼ ጫማዬን አጠለቅኩ። ከዚያ ስንት ሊጥሉብኝ እንደሚችሉ አሰብኩና፣ እንደተጫማሁ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።