የአቀበቷ እመቤት ነገረ ፈጅ

ያረጀ ከተማ ሁለት ነገር አያጣም፦ የዘመመ ግንብና «ይህን ግንብ ያቆመው አያቴ ነው» የሚል ሰው። ግንቡን መንግሥት ይጠግነዋል። ሰውየውን የሚጠግን ግን ገና አልተፈጠረም። ከተማችን ኩስኮ እንዲህ ያለ ሰው በየመንገዱ ጥግ አላት። የእኛ ሰፈር ደግሞ፣ ምን በድለን እንደሆነ እንጃ፣ የሁሉም አለቃ ደረሰችው።

ክብርት ዶኛ ኤውላሊያ ኡስካማይታ፣ የአቀበቱ መንገድ ጠቅላይ ገዥ፣ የትንሿ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ፣ የደወሉም የሰፈሩ ውሾችም የበላይ ጠባቂ፣ በማለዳ መጥተው በሩ ላይ ዱካቸውን አኑረው ይቀመጣሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ባርኔጣቸው ቅንድባቸው ድረስ ተደፍቷል። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ እኔን ይጠብቃሉ።

እኔ ፋኩንዶ አስጎብኚ ነኝ። ደረቴ ላይ መታወቂያ አንጠልጥያለሁ፤ ለፈተናው ዓይኔ እስኪጠፋ አጥንቻለሁ። ይህ ሁሉ ዶኛ ኤውላሊያ ፊት የገለባ ያህል አይቆጠርም። እንግዶቼን አስከትዬ እያለከለክሁ ስደርስ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ይህን የድንጋይ ግንብ ኢንካዎች ያለ ጭቃ ነው ያገጣጠሙት ስል፣ «ተሳስተሃል ልጄ፤ ግን ቀጥል» ይሉኛል። ያገጣጠመው አያታቸው ቶሪቢዮ ነው፤ ያውም በአንድ እጁ፣ በሌላው የበቆሎ ጠላውን ይዞ። ሰማያዊውን ባለ ቅርጽ ሰገነት አሳይቼ የባለቤቱን መስፍን የዘር ሐረግ መቁጠር ስጀምር፣ «ተሳስተሃል ልጄ፤ ግን ቀጥል»። እዚያ ቤት መስፍን ኖሮ አያውቅም፤ የነበረው ሚስቱን ፈርቶ ሰገነት ላይ የሚያድር አንድ ስፔናዊ ነው። ደወሉን የሰነጠቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብል ደግሞ፣ የለም፣ እናታቸው ረግመውት ነው።

ከተናገሩት አንዱም ልክ አይደለም። ይህን በመጽሐፍ አረጋግጫለሁ። እንግዶቼ ግን እኔን ትተው እሳቸውን ይከባሉ፣ ምን አሉ ምን አሉ ይሉኛል። ስድቤን ራሴ ቆሜ እተረጉምላቸዋለሁ። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌማ የቶሪቢዮን መቃብር ካላሳየኸኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ አንከራቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ አርመውኝ አያውቁም። ገብተን መንበሩ ላይ በካባና በዘውድ የቆመችውን የአቀበቷን እመቤት፣ የእመቤታችንን ሐውልት፣ ሳሳይ፣ «ከአንድ የዝግባ ግንድ የተቀረጸች ናት» እላለሁ። ዶኛ ኤውላሊያ ያን ጊዜ ዝም ይላሉ። እኔም ደክሟቸው ነው እያልሁ አልፌዋለሁ።

እመቤቲቱን የሚያለብሷት እሳቸውና የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ሲያለብሷት መጋረጃ ይጋረዳል፤ ወንድ የተባለ፣ ቄሱም ቢሆን፣ ውጭ ይቆማል። በበዓሏ ቀን እኛ ወንዶቹ ተሸክመናት አቀበቱን እንወጣለን። ታሞ የተኛ ሰው ያለበት ደጅ ሁሉ ላይ ትቆማለች፤ በሽተኛው እንዲያያትም አልጋው ወደ መስኮቱ ይዞራል። በዚህ ሰፈር አባቱ ወይም አያቱ እንዲህ እያያት ያልሞተበት ወይም ያልዳነለት ሰው የለም።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ከታች ከአደባባዩ ክፉ ወሬ መጣ። አዲስ የተከፈተው ቤተ መዘክር ሊወስዳት ነው። ዳይሬክተሩ ዶክተር ኢዴልፎንሶ ከዋና ከተማዋ ከሊማ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ጎብኚው አቀበት ሳይወጣ በመስታወት ውስጥ ይያት፣ እርጥበትም አያግኛት አሉ። ቄሳችን አባ ሲክስቶም፣ ትልቅ ሰው ሲለምናቸው እንቢ ማለት አይሆንላቸውምና፣ እሺ አሉ። መስታወት ውስጥ ከገባች አትወጣም። በዓሉም ቀረ፣ በየደጁ መቆሙም ቀረ።

ዶኛ ኤውላሊያ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም። «እሷን ሰው አይጎበኛትም» አሉ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ። «እሷ ናት ሰውን የምትጎበኘው።» ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንድ ስህተቴን እንኳ አላረሙም። ያኔ ነው የፈራሁት።

የሚወስዷት ቀን ዶክተሩ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አስይዘው መጡ። ሰፈሩ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ጠብ ይጠብቃል። ዶኛ ኤውላሊያ ግን ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሴት ልጅ ያለ ዝግጅት መንገድ አትወጣም፣ እስክናሰናዳት ታገሡን አሉና ከሴቶቹ ጋር ገቡ። ለዶክተሩ በትልቅ ብርጭቆ የበቆሎ ጠላ ቀረበላቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እኚህ ሴት እጅ ሰጡ አልሁ በልቤ።

በሩ ተከፈተና ዶክተሩ፣ አባ ሲክስቶና እኛ ተሸካሚዎቹ ተከታትለን ገባን። መንበሩ ላይ ካባም ዘውድም የለም። ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ መላጣ ራስና ሁለት እጆች ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የዶሮ ቆጥ የመሰለ፣ ካባዋ የሚደፋበት ከአራት እንጨት የተመታ ርብራብ ቆሟል። ለስንቱ የዓለም ሕዝብ የተናገርሁለት የዝግባ ግንድ ይኸው ነበር። ሁሉን የሚያርሙት ሴት በዚህ ብቻ ዝም ያሉኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሴት ገመና ለወንድ አይነገርም።

እኛ ተሸካሚዎቹ ባርኔጣችንን አውልቀን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ማንም አላዘዘንም። እናቱን ራቁቷን ቆሞ የሚያይ ማን ነው? የዶክተሩ ሾፌር እንኳ፣ እሱም እናት አለውና፣ ዞረ።

«ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉ ሰማሁ ዶክተሩ ከጀርባችን።

«እመቤቲቱን ስጡን አላላችሁም? ይኸውላችሁ» አሉ ዶኛ ኤውላሊያ።

«ልብሷስ?»

«ልብሷ የእኛ ነው። ካባውን እህቴ ናት የጠለፈችው። ቀሚሱ የዳቦ ጋጋሪዋ የሠርግ ልብስ ነው።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው ጸጉሩን ብቻ እንኳ ስጡኝ አሉ።

«ጸጉሩ የእኔ ነው።»

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጃቸው በሳንባ ምች ሊሞት ሲያጣጥር፣ ወገባቸው የሚደርሰውን ጉንጉን ቆርጠው ለእመቤቲቱ ሰጥተዋል። ልጁ ድኖ ዛሬ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ ሆኗል። ያን ሰዓት ከጎኔ ቆሞ ግድግዳ ያያል።

«አባ፣ የእኔንም ጸጉር አብረው ሰጥተውላቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ ዶኛ ኤውላሊያ።

ዶክተሩ አንሷት አሉ። ማንም አልዞረም። ደግመው አሉ።

«ሳትለብስ አንነካትም፣ ዶክተር» አለ ልጃቸው ለግድግዳው።

«እንግዲያውስ ያልብሷት!»

«ለበዓሏ ትለብሳለች» አሉ እናቱ። «ለመስታወት አትለብስም።»

በመጨረሻ አባ ሲክስቶ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ «ዶክተር፣ ይቅርብን» አሉ። ዶክተሩ አቀበቱን ባዶ እጃቸውን ወረዱ። ሳጥኑን ግን ወደ ታች የሚሸከምላቸው ሰው አልተገኘም። ዛሬ በዶኛ ኤውላሊያ ማድቤት ውስጥ ነው፤ «ውድ ቅርስ፣ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ተጽፎበት፣ ለበዓል የሚጠበሱት ኩይ የሚባሉ ጥንቸል መሰል እንስሶቻቸው ሣር ይቆረጥሙበታል።

እመቤቲቱ በበዓሏ ቀን ካባዋን ለብሳ ወጣች። አራት እንጨት መሆኗን እያወቅሁ እንደ ግንድ ከበደችኝ። በየደጁ ቆምን፣ አልጋዎች ወደ መስኮት ዞሩ። ዶኛ ኤውላሊያ ከፊታችን ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ስንጥቅ ድንጋይ በደረስን ቁጥር እግራችንን ይሰድቡ ነበር። ሲሰድቡኝ ደስ አለኝ። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ለሳቸው ብነግራቸው ተሳስተሃል ነው የሚሉኝ።

በማግስቱ እንግዶች ይዤ ወጣሁ። ግንቡ ጋ ተሳሳትሁ፣ ሰገነቱ ጋ ተሳሳትሁ፣ ደወሉ ጋ ተሳሳትሁ። መንበሩ ፊት ስንደርስ ቃሉ አፌ ላይ ቆመ። እውነቱን አሁን አውቃለሁ፤ የተፈተንሁትም እውነት እናገራለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ከበሩ ሆነው ያዩኛል። መታወቂያዬን የሚነጥቀኝ ካለ ይንጠቀኝ አልሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ከአንድ የዝግባ ግንድ የተቀረጸች ናት።»

ዶኛ ኤውላሊያ ባርኔጣቸውን ከቅንድባቸው ከፍ አደረጉ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ። «ቀጥል።»