ጋሽ ይቆይ እና ስድስተኛው ጠርሙስ

በየቤተሰቡ አንድ ቀማሽ አለ። እሱ ሳይቀምስ ማንም አይጠጣም፤ እሱ ከቀመሰ በኋላም ማንም አይጠጣም። የኛው ክቡር ቀማሽ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ይቆይ» ይሏቸዋል።

ልጄ በተወለደች ሰሞን ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዛሁ። ሻጩ «ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ይወዳል» ቢለኝም እኔ በሳምንት ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያውን ስከፍት ጋሼ ደረሱ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብለው ቀለሙን መረመሩ፤ አፍንጫቸውን እስከ ጉንጫቸው ብርጭቆው ውስጥ ከተቱት፤ ጎንጨት ብለው እንደ ሥጋ አኘኩት።

«ድዴን ያዘኝ» አሉ። «ጉልበት አለው፣ አደብ የለውም። ይቆይ።»

የቀሩትን አምስቱን ደረጃ ሥር ካለው ቁም ሳጥን አስተኝተው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ወይኔን።

ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ገደማ፣ በሳቸው ፈቃድ፣ አንድ እንከፍት ጀመር። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ «ይቆይ» አሉ። እኔ ስሾም ደግሞ «ሹመቱ ደርሷል፣ ወይኑ ይቆይ።» አንዴማ እንግዶች ፊት ብርጭቆውን ከከንፈሬ ላይ ነጠቁኝ።

«መጀመሪያ አሽትት እንጂ! ውሃ ነው እንዴ? ምን ምን ይላል?»

«ወይን ወይን» አልኩ። ለአንድ ወር አኮረፉኝ።

አምና ታመሙ። ከአልጋ ሲነሱ ሽታም ጣዕምም አብሮ ጠፍቶባቸው ነበር። የቀረው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ልጄ የተመረቀች ዕለት ቁልፉን ራሳቸው ይዘው መጡ።

ቀዳሁላቸው። ወረቀቱ ላይ አዘንብለው አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ከዚያ ብርጭቆውን ለእኔ አቀበሉኝ።

«እኔ ምንም አይሰማኝም። አንተ ንገረኝ።»

እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ አሸተትኩ። «የደረቀ ፕሪም» አልኩ። «ከሥሩ ቆዳ፤ የአዲስ ጫማ ሳይሆን የከረመ ቦርሳ። ትንሽ ትምባሆም አለው።» ቀመስኩ። «ድድ አይዝም፣ ለስልሷል። ጉልበቱ ግን እንዳለ ነው፤ ከዋጥኩት በኋላም አልሄደም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ቃሉ ሁሉ የሳቸው ነበር፤ እኔ ሲያሰለቹኝ የኖሩ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሲያስተምሩኝ ነው የኖሩት።

«ታዲያ ይቆይ?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ ጋሼ። ስላቆዩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጄ ብርጭቆዋን አንስታ ልትጨልጥ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ውሃ ነው እንዴ? መጀመሪያ አሽትቺና ለጋሼ ንገሪያቸው።»